ክላስ ሳይገቡ በፈተና የኮሌጅ ክሬዲት ማግኘት፦ የክሌፕ ፈተና ከዝግጅት እስከ ትራንስክሪፕት

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ፈተናውን ለወደቁ ሰዎች ሳይሆን ፈተናውን አልፈው ክሬዲቱን፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠረውን የኮርስ ነጥብ፣ ላላገኙት ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች አንድን ኮርስ ሴሚስተሩን ሙሉ ክላስ ገብቶ ከመማር ይልቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ 90 ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና አልፎ ሦስት፣ አንዳንዴም ስድስት ክሬዲት ማስመዝገብ ይቻላል። ለዚህ ከተዘጋጁት ፈተናዎች በሰፊው የሚሠራበት ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ክሌፕ ነው፤ ከ30 በላይ የትምህርት ዓይነቶች አሉት፤ ከ2,900 በላይ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎችም ይቀበሉታል። ይሁን እንጂ «ይቀበሉታል» ማለት ሁሉም ኮሌጅ ሁሉንም ፈተና፣ በአንድ ዓይነት ውጤት፣ ለየትኛውም ዲግሪ ይቆጥራል ማለት አይደለም። ገንዘብም ጊዜም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ፈተና የወሰድኩት «ሶሺዮሎጂ ቀላል ነው» የሚል የጓደኛ ምክር ሰምቼ ነበር። ከፈልኩ፤ ለሁለት ወር ከሥራ መልስ አጠናሁ፤ እስከ 80 በሚደርሰው መለኪያ 58 አመጣሁ። ኮሌጁ ውጤቱን ተቀብሎ ሦስት ክሬዲት ትራንስክሪፕቴ (የትምህርት ውጤት መዝገቤ) ላይ ጻፈልኝ። ነገር ግን የእኔ ዲግሪ በስም ጠርቶ የሚፈልገው ሳይኮሎጂን ነበር፤ የኢሌክቲቭ፣ ማለትም ተማሪው በራሱ ምርጫ የሚሞላቸው ኮርሶች፣ ቦታዎቼም ቀድመው ተሞልተው ስለነበር እነዚያ ሦስት ክሬዲቶች ለምረቃዬ አንድም ነገር ሳይሠሩ ቀሩ። አምስት ደቂቃ የሚወስድ ጥያቄ አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ምሽት ለሳይኮሎጂ ይውል ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ይከተሉ። ክፍያ የሚመጣው በደረጃ 6 ነው፤ ከዚያ በፊት ለፈተና ምንም ገንዘብ አይክፈሉ።

## አስቀድመው የሚጣሩ አራት ጉዳዮች

ከሚከተሉት አንዱ የሚመለከትዎ ከሆነ፣ ወደ ደረጃ 1 ከማለፍዎ በፊት መልስ ያግኙለት።

በኢትዮጵያ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከሆነ፦ በመጀመሪያ የዚያን ትራንስክሪፕት ያስገምግሙ። አብዛኞቹ ኮሌጆች የውጭ ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት ኮርስ በኮርስ ዘርዝሮ የሰጠውን ሪፖርት ይጠይቃሉ። ግምገማው ለሒሳብ ወይም ለኢኮኖሚክስ ክሬዲት ካስገኘልዎ፣ በዚያው ትምህርት የሚወስዱት ፈተና ድግግሞሽ ስለሚሆን አይቆጠርም። ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠው ከዜሮ የሚጀምሩ ብዙ ሰዎች ስላሉ ይህን ጉዳይ በመጀመሪያ አስቀምጬዋለሁ።

በተማሪ ቪዛ የሚኖሩ ከሆነ፦ የኤፍ 1 ቪዛ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ነው። በፈተና የተገኘ ክሬዲት ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። ፈተና በማለፍዎ ምክንያት አንድ ክላስ ጥለው ከ12 በታች ቢወርዱ የቪዛ ሁኔታዎ አደጋ ላይ ይወድቃል። የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ሳያነጋግሩ ምንም ክላስ አይጣሉ።

ፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ወጪ ድጋፍ) የሚቀበሉ ከሆነ፦ የፔል ግራንት፣ ማለትም የማይመለሰው የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ፣ መጠን በሴሚስተሩ ከተመዘገቡበት የክሬዲት ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። የፈተናውን ክፍያ አይሸፍንም፤ በፈተና ያገኙት ክሬዲትም እንደ ምዝገባ አይታይም። አንድ ክላስ በፈተና ሲተኩ በቦታው ሌላ የሚያስፈልግዎትን ክላስ ይመዝገቡ።

ነርሲንግ ወይም ሌላ የጤና ሙያ የሚያስቡ ከሆነ፦ ኮሌጁ ክሌፕን ይቀበላል ማለት የነርሲንግ ፕሮግራሙ ይቀበላል ማለት አይደለም። በፈተና የተገኘ ክሬዲት ኤ ወይም ቢ የሚል ግሬድ ስለማይኖረው፣ ለመግቢያ ውድድር ግሬድ የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ አይወስዱትም። የባዮሎጂው ፈተና ላብራቶሪ የለውም፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ደግሞ በክሌፕ ጨርሶ የለም። ብዙውን ጊዜ ተስፋ ያላቸው ሳይኮሎጂ፣ ሶሺዮሎጂና የሰው ልጅ ዕድገት የሚባለው ኮርስ ናቸው። ጥያቄዎን በቀጥታ ለፕሮግራሙ ቢሮ ያቅርቡ።

## ደረጃ 1፦ የኮሌጅዎን የክሌፕ ሠንጠረዥ ያግኙ

እያንዳንዱ ኮሌጅ የትኛውን ፈተና በየትኛው ኮርሱ ምትክ እንደሚቆጥር የሚያሳይ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚሠራው በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ የጎረቤትዎን ወይም የዘመድዎን ሠንጠረዥ አይጠቀሙ። በኮሌጁ ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ «ክሌፕ»፣ «ክሬዲት ባይ ኤግዛም» ወይም «ፕራየር ለርኒንግ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ጽፈው ይፈልጉ።

ሠንጠረዡ ብዙውን ጊዜ አራት ዓምድ አለው፤ አንድ መስመር ለምሳሌ እንዲህ ይነበባል፦ «ኮሌጅ አልጀብራ፤ ዝቅተኛ ውጤት 50፤ ክሬዲት 3፤ የሚተካው ኮርስ ማት 110»። ዓይንዎን በአራተኛው ዓምድ ላይ ያሳርፉ። የኮርስ ቁጥር ተጽፎ ከሆነ ፈተናው ያንን ኮርስ ይተካልዎታል። «ኢሌክቲቭ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን የሚያገኙት ክሬዲት የትኛውንም የተወሰነ ኮርስ አይተካም፤ የሚጠቅምዎት ባዶ የኢሌክቲቭ ቦታ ካለዎት ብቻ ነው።

በዚሁ ገጽ ላይ የሚከተሉትን ፈልገው በወረቀት ይጻፉ።

1. ሠንጠረዡ የየትኛው የትምህርት ዘመን እንደሆነ። ያረጀ ፋይል በኢንተርኔት ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።
2. የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውጤት። ክሌፕ ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ለአብዛኞቹ ፈተናዎች 50ን ቢመክርም ኮሌጁ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል።
3. በፈተና ሊያገኙት የሚችሉት ከፍተኛ የክሬዲት ብዛት፣ እንዲሁም በኮሌጁ ውስጥ ተምረው ማግኘት የሚጠበቅብዎት ዝቅተኛ ብዛት።
4. ክልከላዎች። ብዙ ኮሌጆች ቀደም ሲል የተመዘገቡበትን፣ የወደቁበትን ወይም ከእሱ ከፍ ያለውን ኮርስ የወሰዱበትን ትምህርት በፈተና እንዲተኩ አይፈቅዱም። ለምሳሌ ካልኩለስን ክላስ ገብተው ካለፉ በኋላ በኮሌጅ አልጀብራ ፈተና ክሬዲት አያገኙም።

*ሠንጠረዡን ካጡት፦* የተማሪዎችን መዝገብ ወደሚይዘው ሬጂስትራር ቢሮ ወይም ወደ ኮሌጁ የፈተና ማዕከል ይደውሉ። ገና ኮሌጅ ካልመረጡ ደግሞ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በኒው ጀርሲ የሚገኘው ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በኒው ዮርክ ያለው ኤክሴልሲዮር ዩኒቨርሲቲና በኮነቲከት ያለው ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅ ከሌሎች ብዙ ኮሌጆች በሰፋ መጠን በፈተና የተገኘ ክሬዲት በመቀበል ይታወቃሉ።

## ደረጃ 2፦ ሠንጠረዡን ከዲግሪ ዝርዝርዎ ጋር ያስተያዩ

ወደ ተማሪ አካውንትዎ ገብተው ለምረቃ የቀሩዎትን ኮርሶች የሚያሳየውን ዝርዝር ያትሙ፤ ብዙ ኮሌጆች «ዲግሪ ኦዲት» ይሉታል። ከዚያም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ገና ያልወሰዱትንና በሠንጠረዡ ላይ በኮርስ ቁጥር የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ኮርስ ያክብቡ። ከተከበቡት ውጭ ያለ ፈተና፣ ምንም ያህል ቀላል ቢባል፣ ከዝርዝርዎ ይውጣ።

ከተከበቡት ውስጥ ደግሞ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ የሚቆጠሩትን ይለዩ። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ካሰቡ የሁለቱንም ሠንጠረዥ ማየት ግድ ነው፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ኮሌጅ የሰጠውን ክሬዲት እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ ዋናውን የክሌፕ ውጤት ጠይቆ በራሱ መመዘኛ እንደገና ሊያየው ይችላል። አንዱ በ50 የተቀበለውን ሌላው 55 ካልሆነ ሊል ይችላል።

## ደረጃ 3፦ ማረጋገጫ በጽሑፍ ይውሰዱ

ብዙ ሰው አድቫይዘሩን (የኮሌጁን የትምህርት አማካሪ) በስልክ ወይም በአካል ጠይቆ «አዎ፣ ይቆጠርልሃል» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ከስድስት ወር በኋላ ያ አድቫይዘር ሥራ ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉንም ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ጥያቄውን ከኮሌጁ በተሰጠዎት ኢሜይል ይላኩ፤ መልሱንም አያጥፉ። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የተማሪ ቁጥሬ ይህ ነው፤ የምማረው የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ነው። የክሌፕን የመግቢያ ሳይኮሎጂ ፈተና ለመውሰድ አስቤያለሁ። 50 ወይም ከዚያ በላይ ባመጣ፣ አንደኛ፣ በዲግሪ ዝርዝሬ ላይ ያለውን ሳይኮሎጂ 101 ይተካልኛል? ሁለተኛ፣ ፈተናውን መውሰድ ያለብኝ እስከ መቼ ነው? ሦስተኛ፣ ውጤቱ ለየትኛው ቢሮ ይላክ?»

የኮርሱን ስምና ቁጥር በኢሜይሉ ውስጥ መጥቀስዎን ያረጋግጡ። «ክሌፕ ትቀበላላችሁ?» ብለው ከጠየቁ «አዎ» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ያ መልስ ግን ስለ እርስዎ ዲግሪ ምንም አይናገርም።

*መልስ ካልመጣ፦* ከአንድ ሳምንት በኋላ ያንኑ ኢሜይል ለሬጂስትራር ቢሮ ይላኩ። መልሱን በእጅዎ ሳይዙ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

## ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ፈተና ይምረጡ

ከተከበቡት ውስጥ አንዱን ብቻ ይምረጡ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ዋናው መለያ የንባብ ፍጥነት ነው ብዬ አምናለሁ። የመግቢያ ሳይኮሎጂ ፈተና በ90 ደቂቃ ውስጥ ወደ 95 ጥያቄዎች አሉት፤ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ በታች ይደርሳል ማለት ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ታሪክ ፈተና ደግሞ ወደ 120 ጥያቄዎች አሉት። ኮሌጅ አልጀብራ በዚያው 90 ደቂቃ ውስጥ 60 ያህል ጥያቄዎች ስላሉት ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ይተርፋል፤ የሚነበበውም ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ መሰናዶ ሒሳብ በሚገባ የተማረ ሰው እንግሊዝኛው ገና ባይፈጥንም በዚህ ፈተና ቢጀምር ያዋጣዋል፤ ቃላቱን ማወቅ ብቻ ይቀረዋል።

ኮሌጅ ኮምፖዚሽን (የእንግሊዝኛ ድርሰት አጻጻፍ) ለመጀመሪያ ፈተና አይመረጥም። 50 የምርጫ ጥያቄዎችና በ70 ደቂቃ ውስጥ በኪቦርድ የሚጻፉ ሁለት ድርሰቶች አሉት፤ በሁለተኛው ድርሰት የቀረቡልዎትን ሁለት ምንባቦች ጠቅሰው መከራከር ይጠበቅብዎታል። ሞጁላር የሚባል ሌላ ዓይነትም ስላለ፣ ኮሌጅዎ የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ ሳያጣሩ አይመዝገቡ።

## ደረጃ 5፦ ያጥኑ፤ ቫውቸሩንም ያግኙ

ሞደርን ስቴትስ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ለአብዛኞቹ የክሌፕ ፈተናዎች ነጻ የኢንተርኔት ኮርስ ይሰጣል። ኮርሱንና የልምምድ ጥያቄዎቹን በሚፈለገው ውጤት ሲጨርሱ የፈተናውን ክፍያ የሚተካ የቫውቸር ቁጥር ይጠይቃሉ። ፈተናው ወደ 100 ዶላር የሚጠጋና በየጊዜው የሚጨምር ዋጋ ስላለው ይህን ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቫውቸሩ የሚያገለግለው ፈተናውን በሚገዙበት ጊዜ በክፍያ ምትክ ሲያስገቡት ነው። አስቀድመው በራስዎ ካርድ ከፍለው በኋላ ተመላሽ እጠይቃለሁ ብለው አይጀምሩ።

ጥናቱን በዚህ ቅደም ተከተል ያካሂዱ።

1. ከኮሌጅ ቦርድ ገጽ ላይ የፈተናውን የይዘት ዝርዝር ያውርዱ። እያንዳንዱ ርዕስ ከፈተናው ስንት በመቶ እንደሚይዝ ያሳያል። ለምሳሌ በኮሌጅ አልጀብራ ፈንክሽን የሚባለው ክፍል 30 በመቶ፣ የአልጀብራ ስሌቶች 25 በመቶ፣ እኩልታዎችና ኢ-እኩልታዎች 25 በመቶ፣ የቁጥር ሥርዓቶች ደግሞ 20 በመቶ ይይዛሉ።
2. ምንም ሳያጠኑ አንድ የልምምድ ፈተና በሰዓት ይውሰዱ። የተሳሳቱትን በየርዕሱ ይቁጠሩ።
3. ብዙ የሳቱበትንና ከፍተኛ መቶኛ ያለውን ርዕስ መጀመሪያ ያጥኑ። መጽሐፉን ከገጽ አንድ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ክፍል ላይ ሲደርስ ጊዜ ያልቅበታል።
4. የትምህርቱን ቃላት በእንግሊዝኛ በካርድ ይጻፉ፤ በጀርባው ትርጉሙን በአማርኛ ያስቀምጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አማርኛውን ትተው በእንግሊዝኛ ብቻ ያብራሩት፤ በፈተናው ላይ ለመተርጎሚያ የሚተርፍ ጊዜ የለም።
5. ሌላ የልምምድ ፈተና በ90 ደቂቃ ውስጥ፣ ስልክ ዘግተው ይውሰዱ። በተለያዩ ሁለት የልምምድ ፈተናዎች በምቾት ካለፉ በኋላ ብቻ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

በመለኪያው ላይ ያለው 50 ግማሹን መመለስ ማለት አይደለም፤ የተመለሱት ጥያቄዎች ወደ መለኪያው ተቀይረው የሚገኝ ቁጥር ነው። ስለዚህ በልምምድ ከመቶ 50 ማግኘትዎን እንደ ማለፍ አይቁጠሩት።

## ደረጃ 6፦ ይመዝገቡ

ምዝገባው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ይረሳል። በመጀመሪያ በኮሌጅ ቦርድ የክሌፕ አካውንት ከፍተው ፈተናውን ይገዛሉ፤ በዚህ ጊዜ የምዝገባ ትኬት ይሰጥዎታል። ትኬቱ ወንበር አያስይዝም። በሁለተኛ ደረጃ ወደ ፈተና ማዕከሉ ደውለው ወይም በድረ ገጹ ገብተው ቀንና ሰዓት ያስይዛሉ። ማዕከሉ ብዙውን ጊዜ ለአገልግሎቱ የራሱን ክፍያ ለብቻው ያስከፍላል፤ መጠኑም ከማዕከል ማዕከል ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ደውለው ያነጻጽሩ። ትኬቱ የሚያበቃበት ቀን ስላለው ቀጠሮዎን ከዚያ በፊት ያድርጉ።

በምዝገባው ላይ ውጤቱ የሚላክበትን ኮሌጅ ይምረጡ። በዚህ ጊዜ ከመረጡ መላኩ በነጻ ነው፤ በኋላ ትራንስክሪፕት ሲጠይቁ ግን ለእያንዳንዱ 20 ዶላር ይከፍላሉ።

ስምና የልደት ቀን። በእኛ ማኅበረሰብ ሰው ከፈተና በር የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። በአካውንቱ ላይ የሚጽፉት ስም ለፈተናው ይዘው ከሚቀርቡት፣ ፎቶግራፍ ካለውና ጊዜው ካላለፈበት የመንግሥት መታወቂያ ጋር መመሳሰል አለበት። የእኛ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ ሲያበቃ እዚህ አገር «የመጀመሪያ»፣ «የመካከል» እና «የቤተሰብ» ተብሎ ስለሚከፋፈል፣ አንዱ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ የአያቱ ስም፣ ኮሌጁ ውስጥ ደግሞ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። «ገብረ መድኅን» የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት ተያይዞ፣ በሌላው ተለያይቶ ይጻፋል፤ ሲለያይ «መድኅን» ብቻውን የቤተሰብ ስም ይሆናል። «ፀሐይ» ደግሞ በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል።

መፍትሔው መታወቂያውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል፣ ክፍተቱንም ጭምር፣ እንዳለ መገልበጥ ነው። የልደት ቀኑንም ከመታወቂያው ላይ ብቻ ይውሰዱ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁትን ቀን ከራስዎ አስልተው አይጻፉ። የኮሌጁ መዝገብ ከመታወቂያዎ የተለየ ስም ካለው፣ ከፈተናው በፊት ሬጂስትራሩ እንዲያስተካክል ያመልክቱ፤ አለበለዚያ ውጤቱ ኮሌጁ ደርሶ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል።

በቤትዎ መፈተን። በካሜራ ክትትል ከቤት የሚወሰድ አማራጭ አለ። ይህን ከመረጡ ከመግዛትዎ በፊት የሚጠየቀውን የኮምፒውተር ዓይነት ያጣሩ፤ የመሣሪያ ሙከራውንም በዚያው ክፍልና በዚያው ኢንተርኔት ያድርጉ። ልጆች የሚገቡበትና የሚወጡበት ቤት ከሆነ ማዕከል ሄደው ቢፈተኑ ይሻላል፤ ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ ቢገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል።

## ደረጃ 7፦ የፈተናው ቀን

ከቀጠሮው 30 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። መታወቂያዎን፣ የታተመውን ትኬትና ማዕከሉ የጠየቀውን ማንኛውንም ቅጽ ይያዙ። ስልክና ስማርት ሰዓት ወደ ክፍሉ አይገቡም። የራስዎን ካልኩሌተርም አይያዙ፤ ለሚያስፈልጋቸው ፈተናዎች በስክሪኑ ላይ ይቀርባል። የስክሪኑ ካልኩሌተር በእጅ ከለመዱት ስለሚለይ ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት ይለማመዱበት።

በተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ምንም ጥያቄ ባዶ አይተዉ። ከአንድ ደቂቃ በላይ የያዘዎትን ጥያቄ በግምት መልሰው ምልክት ያድርጉበትና ይለፉ፤ በመጨረሻ ጊዜ ከተረፈዎት ይመለሱበታል። አሥር ደቂቃ ሲቀር አዲስ ነገር ማሰላሰል አቁመው ባዶ የቀሩትን ሁሉ ይሙሉ።

በፈተናው መጨረሻ ውጤቱን ከማየትዎ በፊት ፈተናውን መሰረዝ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ከሰረዙ ውጤቱን ፈጽሞ አያዩትም፤ ገንዘቡም አይመለስም። ደክሞዎት ተስፋ ስለቆረጡ ብቻ አይሰርዙ፤ ወድቄያለሁ ብሎ ሲወጣ አልፎ የተገኘ ሰው ጥቂት አይደለም።

## ደረጃ 8፦ ክሬዲቱ ትራንስክሪፕትዎ ላይ እስኪገባ ይከታተሉ

ድርሰት ከሌለው ፈተና ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የኮሌጅ ኮምፖዚሽን ግን በሰው ስለሚታረም ሳምንታት ይወስዳል። ማለፍዎን ባዩበት ቀን ሥራው አላለቀም። የውጤቱን ወረቀት ይያዙ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የተማሪ አካውንትዎን ከፍተው ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ፦ ክሬዲቱ መመዝገቡን፣ በዲግሪ ኦዲቱም ላይ በትክክለኛው ኮርስ ፊት ለፊት መቀመጡን። ይህ እስኪሆን ድረስ የሚተካውን ክላስ አይጣሉ፤ ያንን ኮርስ በቅድመ ሁኔታነት ለሚጠይቅ ክላስ መመዝገብ ካሰቡም ክሬዲቱ ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት እንዲገባ በቂ ጊዜ ይተዉ።

## ነገር ሲበላሽ

ክሬዲቱ ካልገባ፦ መጀመሪያ ውጤቱ ወደ ትክክለኛው ኮሌጅ መላኩን ከክሌፕ አካውንትዎ ያረጋግጡ። ከተላከ ለሬጂስትራሩ የፈተናውን ቀን፣ የፈተናውን ስምና በፈተናው ላይ የተጠቀሙበትን ስም ጽፈው ይላኩ። አብዛኛው ችግር የስም አለመዛመድ ነው።

በኢሌክቲቭ ተቆጥሮ ከመጣ፦ በደረጃ 3 ያስቀመጡትን ኢሜይል ለአድቫይዘሩ ያስተላልፉና እንዲስተካከል ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ካላለፉ፦ ያንኑ የክሌፕ ፈተና ለመድገም ሦስት ወር መጠበቅ አለብዎት፤ ከዚያ ቀድመው ቢወስዱ ውጤቱ ዋጋ አይኖረውም። ሴሚስተሩ የማይጠብቅዎት ከሆነ ኮሌጅዎ ዲ.ኤስ.ኤስ.ቲ. የሚባለውን ሌላ ፈተና በተመሳሳይ ትምህርት ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የእሱ ማለፊያ ለአብዛኞቹ ትምህርቶች 400 ነው። ሦስተኛው አማራጭ የትምህርት ክፍሉ ራሱ የሚያወጣው «ቻሌንጅ ኤግዛም» ነው፤ ብዙ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው ላይ ጎልቶ እንዲታይ ስለማያደርጉት በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።

ኮምፒውተሩ ወይም ኢንተርኔቱ በመካከል ከተቋረጠ፦ ከወንበርዎ ሳይነሱ ፈታኙን ይጥሩ፤ ከመውጣትዎ በፊትም ችግሩ በጽሑፍ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ያልተመዘገበ ብልሽት በኋላ ለመከራከር አስቸጋሪ ነው።

## አማርኛዎን ወደ ክሬዲት መቀየር

ክሌፕ የቋንቋ ፈተና የሚሰጠው በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ሌላ በር አለው፤ አክትፍል የሚባለው የቋንቋ መምህራን ማኅበር የቃል ቃለ መጠይቅ ፈተና በአማርኛም ይሰጣል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጅ ንግግር ሲሆን፣ ፈታኙ ከዕለታዊ ኑሮ ተነሥቶ አስተያየት እስከ መስጠትና መከራከር ይወስድዎታል። አዎና አይ እያሉ በአጭሩ የሚመልሱ ሰዎች ቋንቋው ሳይጎድላቸው ዝቅ ያለ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን መልስ በምክንያትና በምሳሌ ያስፋፉ፤ ያለፈውን ሲጠየቁ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩ፤ የእንግሊዝኛ ቃላት መቀላቀልንም ይተዉ። እዚህ አገር ተወልደው በቤት አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ከፈተናው በፊት ለአንድ ወር ያህል ከአያት ወይም ከአክስት ጋር ስለ ዜናና ስለ ሥራ ረዘም ያለ ወሬ ቢያወሩ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ከመክፈልዎ በፊት ግን ለኮሌጁ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ውጤቱ ክሬዲት ያስገኛል ወይስ የቋንቋ ግዴታውን ብቻ ያስቀራል? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ግዴታው ሲቀር ኮርሱን ከመውሰድ ይድናሉ እንጂ ክሬዲት አይጨመርልዎትም፤ ለመመረቂያ የሚጎድለውን ብዛት በሌላ ክላስ መሙላት ይኖርብዎታል። የዚህንም መልስ፣ እንደ ደረጃ 3፣ በኢሜይል ይቀበሉ።